ጋሽ ነዚፍ ያልጻፉት ማመልከቻ

የበደለኝ አቶ ምትኩ ነው። የበደለኝም ጡረታ በወጣሁ በአራተኛው ወር፣ ማክሰኞ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ ሰው በሞላበት አዳራሽ ከፊት ወንበር አስቀምጦ፣ የታሸገ ውኃ ፊቴ አኑሮ ነው።

ስሙን የጻፍኩት አስቤበት ነው። ሲበድሉን «አንዳንድ ግለሰቦች» ብሎ ማለፍ የቢሮ ልማድ ነው፤ እኔም በሥራ ዘመኔ ስንቱን «አንዳንድ ግለሰቦች» ጽፌ አልፌያለሁ። አሁን አለቃ የለኝም።

ሥራዬ ጸሐፊነት ነበር። ጅማ ውስጥ የቡና ገበሬዎችን በሚያገለግል መሥሪያ ቤት ሠላሳ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። ደብዳቤ፣ ቃለ ጉባኤ፣ ሪፖርት፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ መጻፍ ለማይችል ባለጉዳይ ማመልከቻ እጽፍ ነበር። በዚያ ሁሉ ጊዜ ከእጄ ያልተለየ አንድ አረንጓዴ ደብተር ነበረኝ። ሥራውን ያስተማሩኝ ጋሽ ነዚፍ ስለ አጻጻፍ የነገሩኝን ሁሉ የማሰፍርበት ነው። አቶ ምትኩ በመጨረሻዎቹ ስድስት ዓመታት አለቃዬ ነበር። ጡረታ ልወጣ አንድ ሳምንት ሲቀረኝ «እትዬ አስካለ፣ ደብተርዎን ለሁለት ቀን ያውሱኝ፣ ለአዲሶቹ ልጆች ላሳያቸው» ብሎ ወሰደው። ሁለቱ ቀን አራት ወር ሆነ።

ከዚያ «የዕለት ተዕለት የጽሑፍ ክህሎትን ማሻሻል» የሚል ሥልጠና አዘጋጅቶ በክብር እንግድነት ጠራኝ። ሄድኩ። ግድግዳው ላይ በመብራት የሚያወጣው ቃል በቃል የኔ ደብተር ነው፤ ከሥሩ የሱ ስም ተጽፏል። ይህን እንኳ እችለው ነበር። ትምህርት በማንም አፍ ይነገር፣ ጆሮ ካገኘ ይበቃል።

ያልቻልኩት ቀጥሎ ያመጣውን ነው። «አሁን ደግሞ መጥፎ ጽሑፍ ምን እንደሚመስል እንይ» አለና ከመዝገብ ቤት ያስቆፈረውን የቆየ ማመልከቻ ግድግዳው ላይ አወጣ። ገና ቅርጹን ሳየው አወቅኩት።

«ድሮ እዚህ ቤት ነዚፍ የሚባል ጸሐፊ ነበረ አሉ» አለ። «አንዲት የሰርቦ ባልቴት ቡናው በእኔና በልጄ ስም ይጻፍልኝ ብላ መጣች። ልጅቷ አጠገቧ ቆማለች። ሰውየው ምን ብሎ ጻፈላት? ጧሪና ቀባሪ የሌለኝ። በአንድ መስመር ልጅቷን ቀበራት እኮ።»

አዳራሹ ሳቀ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ አንዲት ሴት አልሳቀችም። ሐያት ትባላለች፤ መዝገብ ቤት የምትሠራ የጋሽ ነዚፍ የመጨረሻ ልጅ ናት። አባቷ ከሞቱ አምስት ዓመታቸው ነው። እስክሪብቶዋን ደብተሯ ላይ አስተኛች፣ ሻሿን አስተካከለች፣ ግድግዳው ላይ የወጣውን ወረቀት ማየቷን ቀጠለች። እኔም ከፊት ወንበር ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

የጋሽ ነዚፍ ስም በዚያ ሳቅ ውስጥ እንዲቀር አልፈልግም። ይህን የምጽፈው ለዚህ ነው። ስለ ማመልከቻው እደርሳለሁ። መጀመሪያ ግን ሰውየውን ላስተዋውቅ፤ የሳቁት ልጆች አያውቋቸውምና።

የተቀጠርኩት የቢሮው ቋንቋ ከአማርኛ ወደ አፋን ኦሮሞ ከመቀየሩ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። አባቴ ከሸዋ መጥቶ እዚሁ ጅማ ጊንጆ ሠፈር የተቀመጠ ልብስ ሰፊ ነበር። ኦሮምኛዬ የሠፈር ጨዋታና የገበያ ኦሮምኛ ነው። በታይፕ ፈተና አንደኛ ወጥቼ ስለነበር ራሴን ትልቅ ሰው አድርጌ ነው የገባሁት። ቢሮው ሄርማታ ከገበያው አጠገብ ሁለት ክፍል ነበር። ሐሙስ ሐሙስ ገበያተኛው ዕቃውን ሸጦ ሲያበቃ በራችን ላይ ይሰለፋል። ጋሽ ነዚፍ አንድ እግሩ አጭር በሆነ ጠረጴዛ ኋላ ይቀመጣሉ። የመነጽራቸው አንድ ክንድ በክር ታስሯል።

የመጀመሪያ ቀን አንድ ሥራ ሰጡኝ። «ነገ አርፍደሽ ትመጫለሽ እንበል። ይህን በጽሑፍ አሳውቂኝ።»

ዘጠኝ መስመር ጻፍኩ። የከበረ ሰላምታዬን አስቀደምኩ፤ ለመሥሪያ ቤቱ ያለኝን ታማኝነት ገለጽኩ፤ ከአቅም በላይ የሆነ ችግር እንደገጠመኝ አስረዳሁ፤ በአክብሮት ዘጋሁ። መነጽራቸውን አንሥተው አነበቡት። ገልብጠው ጀርባውን አዩ።

«ነገ የምትመጪው ስንት ሰዓት ነው?»

«ሦስት ሰዓት።»

«የት ጋ ጽፈሽዋል?»

አልጻፍኩትም ነበር።

«ወላሂ፣ ሰላምታሽ ደርሶኛል» አሉ። «አንቺን ግን ነገ በር በር እያየሁ ልጠብቅ ነው።»

ተናደድኩ። ማታ ቤት ገብቼም ተናደድኩ። በማግስቱ በሰዓቴ መጥቼ ወረቀት ሳልጠየቅ አንድ መስመር ጻፍኩና ጠረጴዛቸው ላይ አኖርኩ። «ነገ ሦስት ሰዓት እገባለሁ፤ እናቴን ሐኪም ቤት አደርሳለሁ።» አነበቡና «እናትሽን ምን አገኛቸው?» አሉኝ። ከዚያ በፊት በነበረው ወረቀት ማንም ስለ እናቴ አልጠየቀኝም።

ማመልከቻ ሲጽፉ ባለጉዳዩ ተናግሮ እስኪጨርስ እስክሪብቶ አይነኩም። ሁለቱን እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ያዳምጣሉ። እስክሪብቶ ሲያይ ሰው እንደ ፍርድ ቤት መናገር ይጀምራል ይሉ ነበር። ሲጨርስ እንደገና ያስነግሩታል። በሁለተኛው ላይ ነው ነገሩ የሚወጣው።

አንድ ሐሙስ አባ ቢያ የሚባሉ ገበሬ መጡ። ከአያታቸው ጀመሩ። አያትየው ጫካ መንጥረው ቡና ሲተክሉ፣ ከጎረቤት ጋር በሬ ሲቀናጁ፣ ለሠርግ ሲጠራሩ፣ ፀሐይ ከበሩ ወደ መስኮቱ ዞረች። ከኋላ የተሰለፈው ሰው መጉረምረም ጀመረ።

«አባ ቢያ፣ ማሎ» አሉ ጋሽ ነዚፍ እንደ መለመን፤ «አያትህን ትንሽ እናሳርፋቸው። አንተ ምን እንዲደረግልህ ነው የመጣኸው?»

«በሩ እንዲከፈትልኝ።»

«የምን በር?»

«የመውጫዬ ነዋ። ጎረቤቴ አጠረው። ቡናዬን በሱ ራስ ላይ ላሳልፈው?»

«እንዲህ በል። አያትህ ይህን በአንድ ትንፋሽ ይናገሩት ነበር።»

«አያቴማ በዱላ ነበር የሚናገሩት» አሉ አባ ቢያ፤ የተሰለፈው ሁሉ ሳቀ።

ጋሽ ነዚፍ የሚፈለገውን ነገር ከወረቀቱ አናት ላይ አሰፈሩ፤ ጎረቤቴ ያጠረው አጥር እንዲነሣልኝ እጠይቃለሁ። ምክንያቱ ከሥር በሦስት መስመር ገባ። አያትየው አልገቡም።

ከዚያ የሚወዱት ጨዋታ ነበራቸው። ረቂቁን ይዘው ከወንበራቸው ይነሡና የባለጉዳዩ ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ፊታቸውን ያጠቁራሉ። ምሳ ሰዓቱ የደረሰበት፣ ጫማው የጠበበው ሹም ይሆናሉ። ወረቀቱን በሁለት ጣት አንጠልጥለው «ደግሞ ይሄ ምንድነው? የት ነው አጥሩ? መቼ ታጠረ? ማን አየ?» እያሉ ያጉረመርማሉ። መልሱ ወረቀቱ ላይ ከሌለ ተመልሰው ይጽፋሉ። ባለጉዳዮቹ መጀመሪያ ይደነግጡ ነበር። የለመዱት ግን ሹሙን እያዩ ይስቁ ነበር፤ አንዲት ሴትዮ እንዲያውም «የኛ ሹም ከዚህ ይብሳል፣ ትንሽ ጨምርበት» ብላቸዋለች።

በመጨረሻ ወረቀቱን ባለጉዳዩ በሚናገርበት ቋንቋ ቀስ ብለው ያነቡለታል። «ይህ ያንተ ቃል ነው?» ይላሉ። ሰውየው «ኤዬ፣ ይኸው ነው» ካላለ የጣት ቀለሙ ክዳን አይከፈትም። አንዳንዱ አንድ ቃል ያስቀይራል። አንዳንዱ ዝም ብሎ ሲያስብ ሰልፉ ይጨቀጭቃል። እሳቸው ይጠብቃሉ።

የሙከራ ጊዜዬ ሲያበቃ ወደ አጋሮ ተዛወርኩ፤ አራት ዓመት ሠራሁ። ደመወዙ ላይ ትንሽ ተጨመረ፣ የቤት ኪራዩ ወሰደው። የአጋሮው አለቃዬ ስሙ ይቅርና፣ አንድ ገጽ ያልሞላ ደብዳቤ ንቀት የሚመስለው ሰው ነበር። «ስለሆነም» የሌለበት አንቀጽ አይፈርምም። ስብሰባ ላይ ስሜን አሳስቶ ሲጠራኝ አራቱ ዓመት አለቀ። እኔም አሁን የሱን ስም ረስቼዋለሁ።

በዚያ ጊዜ ነው የቢሮው ቋንቋ የተቀየረው። ኦሮምኛን በላቲን ፊደል፣ በቁቤ፣ መጻፍ መማር ነበረብኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ በመኪና ወደ ጅማ እየመጣሁ ከጋሽ ነዚፍ ጋር እማር ነበር። እሳቸው ያን ጊዜ ከጽሕፈት ወጥተው ዕቃ ግምጃ ቤት ተመድበዋል። ለምን እንደሆነ እነግራለሁ። ባዶ ጆንያ ክምር ላይ ተቀምጠን በአንድ የልጆች መጽሐፍ እንማራለን። እሳቸው ከእናታቸው አፍ የወሰዱትን ቋንቋ ጽፈውት አያውቁም። አንድ ቀን የገዛ እናታቸውን ምርቃት በቁቤ ጻፉና ከፍ አድርገው ያዙት።

«እናቴ ይህን ብታይ» አሉ፤ «ድምፄን ምን አድርጋችሁ ነው ያደረቃችሁት ትል ነበር።»

በቁቤ የጻፍኩት የመጀመሪያው ትልቅ ደብዳቤ ስለ ውኃ ነው። ከአንድ ቡና ማጠቢያ የሚወጣ ቆሻሻ ከብት የሚጠጣበት ወንዝ ገባ። ነዋሪዎቹ አስተማሪ ያጻፉትን ሦስት ገጽ አቤቱታ ይዘው መጡ። ውስጡ ስለ እናት አገር፣ ስለ ተፈጥሮ ውበት፣ ስለ መጪው ትውልድ አለ። ወንዙ የትኛው እንደሆነ የለም። እኔ ቢሮ ተቀምጬ መጻፍ አልቻልኩም፤ ከነሱ ጋር ሄድኩ። ሽታው ከሩቅ ይቀበላል። ቦዩ የሚሰበርበትን ቦታ አሳዩኝ። ውኃው የሚለቀቅበትን ቀን ጠየቅኩ፤ ከብቶቹ ከዚያ በላይ ወጥተው የሚጠጡበት መንገድ እንዳለም ጠየቅኩ፤ የለም። ይህን ሁሉ በስምንት መስመር ጻፍኩ።

አለቃዬ ገልብጦ አየው። «ይሄ ቴሌግራም ነው እንጂ ደብዳቤ ነው እንዴ?»

«ሌላው ገጽ ላይ ምን ልጻፍ?»

መኪና እየጠበቀው ነበር፤ ፈረመ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ ሰዎች መጥተው ቦዩን አስጠገኑ፣ ጉድጓድ አስቆፈሩ። ግልባጩን ይዤ ለጋሽ ነዚፍ ወሰድኩ። እንዲያመሰግኑኝ ጠብቄያለሁ፤ አልደብቅም። አነበቡት፣ ጆንያው ላይ ዘርግተው እንደገና አነበቡት፣ በእርሳስ ከሥር ያለውን አንድ ዐረፍተ ነገር ከብበው ወደ ላይ ቀስት ሠሩለት። የጠየቅኩት ነገር ስድስተኛው መስመር ላይ ነበር።

«ቦዩ እኮ ተጠግኗል» አልኳቸው።

«አልሐምዱሊላህ። የሚቀጥለው ሹም ግን አምስተኛው መስመር ላይ ምሳ ሊወጣ ይችላል።»

ደብተሬ እንዲህ እየሞላ ሄደ። ሐዘን ላይ ላለ ሰው ስትጽፊ ስለ ሟቹ አንድ የምታውቂውን ነገር ጻፊ፣ ካላወቅሽ አጭር አድርጊው። ለአስተማሪ ልጁ ያልመጣበትን ምክንያት ስትጽፊ ልጁን አታሞግሺ። የተናደድሽበትን ደብዳቤ ጻፊው፣ ግን የግልባጭ ካርቦን አታድርጊበት። አሁን ልጆቹ በስልካቸው በሚጻጻፉበትም ይህ ይሠራል። አቶ ምትኩ ግድግዳ ላይ ያወጣውም ይህንኑ ነው፤ ከየት እንደመጣ ግን አልተናገረም።

ወደ ማመልከቻው ልምጣ። እስካሁን ያዘገየሁት የቦታ ጉዳይ ሆኖ አይደለም።

የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ሁለት ወር ሲቀረው፣ አንድ ዓርብ ቀን፣ ጋሽ ነዚፍ ለጁምዓ ሶላት ወጡ። እሳቸው በሌሉበት ባለጉዳይ እንዲጠብቅ አድርጊ ብለውኝ ነበር። ከሰርቦ ማዶ ካለ ቀበሌ አዴ ረሂማ፣ በአማርኛ ወይዘሮ ረሂማ እንደማለት፣ የሚባሉ ሴት መጡ። ረጅም፣ ቀጭን፣ እጃቸው ቡና በመልቀም የሻከረ። አብራቸው አንዲት የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ አለች፤ ጀሚላ። መኪናቸው ሊሄድ ነው። እኔም ጋሽ ነዚፍ ሲመለሱ የተጠናቀቀ፣ ያማረ ማመልከቻ ጠረጴዛቸው ላይ ማየት አለባቸው ብዬ አሰብኩ።

አዴ ረሂማ ነገሩን ሁለት ጊዜ ነገሩኝ። ባላቸው ሞቷል። የባላቸው ወንድም «ልጅ አልወለዱም» ብሎ ቡናው ውስጥ እጁን አስገብቷል። ጀሚላን ግን እሳቸውና ባላቸው በጉዲፈቻ ከአራስነቷ ጀምሮ ያሳደጓት ናት። በኦሮሞ ወግ በጉዲፈቻ የተወሰደ ልጅ እንደ ተወለደ ነው፤ አሳዳጊ እናት «የወለድኩት አይደለም» የሚል ቃል ከአፏ ከወጣ ነውር ነው። አዴ ረሂማ የልጅቷን ትከሻ ይዘው «ይህች ልጄ ናት። በእኔና በእሷ ስም ይጻፍልን» አሉ። ሰምቻለሁ። ኦሮምኛዬ ለዚህ ይበቃ ነበር።

ይህንኑም ጻፍኩ፤ ከመሐል። መግቢያውን ግን ከራሴ አመጣሁ። በዚያ ጊዜ ማመልከቻ ሁሉ እንዲህ ነበር የሚጀምረው፤ አመልካች ካላለቀሰ የሚያዝንለት የለም ይባላል። ስለዚህ «እኔ አመልካች ጧሪና ቀባሪ የሌለኝ፣ ደካማና ምስኪን ባልቴት» ብዬ ጀመርኩ። ወድጄዋለሁ። ታይፑ ላይ ሲወርድ ድምፁ እንኳ ያምር ነበር። ከግርጌ በግራ በኩል እንደ ልማዳችን የአርቃቂውንና የጻፊውን ምልክት መታሁ፤ ነከ/አወ። ነዚፍ ከማል፣ አስካለ ወልዴ። ከዚያ ጠረጴዛ የሚወጣ ማመልከቻ ሁሉ በሳቸው ምልክት ነበር የሚወጣው፤ እጄ ለምዶታል።

አዴ ረሂማ ጣታቸውን ሊያትሙ ሲሉ ቆም አሉ። «ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው፤ «አታነቢልኝም?»

«መኪናው ያመልጥዎታል» አልኳቸው።

ጣታቸውን አተሙ።

ማመልከቻው ጉዳዩን በሚያየው ኮሚቴ ፊት ሕዝብ በተሰበሰበበት ወደ ኦሮምኛ እየተመለሰ ተነበበ። የባላቸው ወንድም ተነሥቶ «ልጅ ያላት ሴት ጧሪ ቀባሪ የለኝም ትላለች? በገዛ ጣቷ ያተመችውን ስሙ» አለ። ከዚያ በኋላ ከመሐል የጻፍኩትን ማንም አልሰማም። የቡናው ግማሽ፣ ወደ ወንዙ ያለው ደህና ደህናው፣ ለወንድምየው ሆነ። ጀሚላ እዚያ ቆማ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አዴ ረሂማ ብቻቸውን መጡ። ጋሽ ነዚፍ ፊት ተቀመጡ። አልጮኹም።

«መሬቱስ የአላህ ነው» አሉ። «ልጄ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ እናቴ አትለኝም። አዴ ረሂማ ትለኛለች፣ እንደ ጎረቤት።»

እኔ ታይፑ ላይ ነበርኩ። ጣቶቼን ከቁልፎቹ ላይ አላነሣሁም፣ አልመታሁምም።

በማግስቱ የቢሮው ኃላፊ ማመልከቻውን ይዞ ገባ። «ይህን የጻፈው ማነው?» ጋሽ ነዚፍ ያን ዓርብ መስጊድ እንደነበሩ ያውቃሉ። መነጽራቸውን አደረጉ፣ ከግርጌ ያለውን አዩ፣ እኔን አላዩኝም።

«ምልክቱ የኔ ነው» አሉ።

ጻፍኩት አላሉም። ሐሰት አይናገሩም ነበር። ኃላፊው ግን ሌላ አልጠየቀም። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጣቸው፤ ወደ ግምጃ ቤት ተዛወሩ። ተጠያቂዋ እኔ ብሆን ኖሮ፣ የሙከራ ሠራተኛ ስለነበርኩ በዚያው ቀን እሰናበት ነበር። እናቴ አልጋ ላይ ነበረች። ይህን የምለው ለማመካኘት አይደለም፤ የነበረውን ለመናገር ነው።

ሳምንቱ ሳያልቅ ግምጃ ቤት ሄድኩ። «ጋሽ ነዚፍ፣ እኔ እናገራለሁ» አልኳቸው።

«መቼ?»

«የሙከራ ጊዜዬ ሲያልቅ።»

«እሺ» አሉ፤ ጆንያ መቁጠራቸውን ቀጠሉ።

የሙከራ ጊዜዬ አለቀ። አጋሮ ሄድኩ፣ ተመለስኩ፣ ኮምፒዩተር መጣ፣ አለቆች ተቀያየሩ። ጋሽ ነዚፍ አሥር ዓመት ግምጃ ቤት ሠርተው ከዚያው ጡረታ ወጡ። አንድም ቀን አልጠየቁኝም። በየዒዱ ቤታቸው ሄጄ በልቻለሁ። አዴ ረሂማ ሞቱ፤ ሰምቻለሁ፣ ለቅሶ አልደረስኩም።

አቶ ምትኩ ያን ወረቀት ግድግዳ ላይ ሲያወጣ የበደለኝ ለዚህ ነው። ደብተሬን በስሙ ማድረጉም በደል ነው፤ ይህን አልተውለትም። የከፋው ግን ሐያትን እዚያ አስቀምጦ እኔን ለሁለተኛ ጊዜ ዝም ማሰኘቱ ነው። ሁለተኛው ዝምታ የሱ አይደለም የሚለኝ ካለ እውነቱን ነው።

በማግስቱ ጊንጆ ሐያት ቤት ሄድኩ። ሁለት ቤት ነው የሚለየን። ሻይ አቀረበች። ስለ ሥልጠናው አንሥታ «አባዬ እንዲህ ዓይነት ስሕተት የሚሠራ ሰው ነበር እንዴ፣ እትዬ? እርስዎ አብረውት ሠርተዋል» አለችኝ።

ነገርኳት። ዓርቡን፣ መኪናውን፣ አታነቢልኝም ያሉኝን፣ ምልክቱን፣ የሙከራ ጊዜዬን። አላቋረጠችኝም።

«አባዬ ከጆንያ ጋር ሲታገል ነው ወገቡ የሄደው» አለች ስጨርስ። «ማታ ማታ እናቴ በዘይት ታሸው ነበር። እርስዎ በየዒዱ ሲመጡ ከሁሉ በፊት ለእትዬ አስካለ አቅርቡ ይለን ነበር።»

«አውቃለሁ።»

«አያውቁም።»

ከውጭ ባጃጅ እየጮኸ አለፈ።

«ሻይዎ ቀዘቀዘ» አለች። ብርጭቆውን ወስዳ ደፋችና ሌላ ትኩስ ቀዳችልኝ። ጠጣሁት። ወደ በሩ አልሸኘችኝም።

ሐሙስ ጠዋት ወደ አቶ ምትኩ ቢሮ ሄድኩ። ደብዳቤዬን ሰጠሁት። እንዲህ ይላል፦

«ለአቶ ነዚፍ ከማል የተሰጠው የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ከማኅደራቸው ወጥቶ በእኔ ማኅደር እንዲገባ እጠይቃለሁ። የወይዘሮ ረሂማን ማመልከቻ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አቶ ነዚፍ በዚያ ሰዓት ቢሮ አልነበሩም። ምልክታቸውን ከግርጌ ያሰፈርኩት እኔ ነኝ። ባለጉዳይዋ እንዳነብላቸው ጠይቀውኝ አላነበብኩላቸውም። በሥልጠናው ላይ ለነበሩት ሁሉ ይህ እንዲነገር እጠይቃለሁ። አስካለ ወልዴ።»

አቶ ምትኩ አንብቦ ሳቅ አለ። «እትዬ፣ ይሄ እኮ ስንት ዘመን ያለፈው ነው። ሰውየውም ሞቷል። ማንን ይጎዳል?»

«ልጃቸው ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበረች።»

«የማን ልጅ?»

«የጋሽ ነዚፍ። ሐያት።»

ፊቱ ተለወጠ። ስድስት ዓመት አብራው ስትሠራ የአባቷ ስም ባለበት የደመወዝ ወረቀት ላይ በየወሩ ሲፈርም ኖሯል፤ አላስተዋለም። «እኔ… ማንም አልነገረኝም» አለ።

«አልጠየቅክም። ደብተሬን ስጠኝ።»

«ስካን አድርጌ ሰኞ ልመልስልዎት?»

«አሁን።»

ከመሳቢያው አውጥቶ ሰጠኝ። ደብዳቤውን መዝገብ ቤት ወስጄ ቁጥር አስወጣሁ። የተቀበለችኝ ሐያት ናት። ቀኑን ጻፈች፣ ማኅተም መታች፣ ግልባጩን ለራሷ አስቀረች።

ቅዳሜ ሰርቦ ሄድኩ። ጀሚላ የልጆች እናት ሆናለች፤ መንገዱ ዳር እህል ትሸጣለች። ማን እንደሆንኩ ነገርኳት፤ አላስታወሰችኝም። ማመልከቻውን አስታወሰች። መግቢያውን ከራሴ እንዳመጣሁት፣ እናቷ አነቢልኝ ብለው እንደነበረ ነገርኳት።

እህል የምትሰፍርበትን ጣሳ አስቀመጠች። «እሷ ምን ብላ ነበር?»

«ትከሻሽን ይዘው ‹ይህች ልጄ ናት፣ በእኔና በእሷ ስም ይጻፍልን› ነው ያሉት።»

በኦሮምኛ ድገሚልኝ አለችኝ። ደገምኩላት።

ደንበኛ መጣ። ጎረቤቷ እንድትሰፍርለት በእጇ አሳየቻት፤ እሷ አልተነሣችም። እኔ ትንሽ ቆሜ ተሰናበትኳትና በስምንት ሰዓቱ መኪና ጅማ ገባሁ። ሰኞ ለሁለተኛው ዙር ሥልጠና እንደገና በክብር እንግድነት ጠርተውኝ ነበር። አልሄድኩም።